ደፋርና ጭስ በውኃ ላይ

ካባላጋላን፣ ካንሳንጋንና ቡንጋን አቋርጦ የሚወርደው የጋባ መንገድ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ያበቃል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚኖረው የሐበሻ ቁጥር ቀላል አይደለም፤ የእንጀራ ቤቶቹና የቡናው ጠረን ይመሰክራሉ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ወደ ጋባ የሚወርዱት ዓሣ ሊገዙ እንጂ ውኃውን ሊያዩ አይደለም። የደጋ ሰው ከውኃ ጋር ያለው ትውውቅ አጭር ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲጎድል ይሻገራል። ከገበያው ጀርባ ግን ረጃጅም የእንጨት ጀልባዎች ሰውና ጭነት ይዘው ወደ ማዶ መንደሮች ይነሣሉ። ከመሳፈሩ በፊት ቀና ብሎ ሰማዩን የሚያይ ተሳፋሪ አለ፤ ሳያይ ዘሎ የሚገባም አለ። በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? አንዱ ፈሪ፣ ሌላው ደፋር ስለሆኑ ነውን? ወይስ ልዩነቱ ሌላ ስም አለው?

«ደፋርና ጭስ መውጫ አያጡም» ይላል ተረቱ። በየብስ ላይ አባባሉ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ደፋር ነጋዴ ቢከስር ተበድሮ ይነሣል፤ ደፋር ተናጋሪ ቢሳሳት ሽማግሌ ልኮ ይታረቃል፤ በማያውቀው አገር ያለ ዘመድ የገባ ሰው እንኳ ዋል አደር ሲል መጠጊያ አያጣም። ውኃ ግን ሽማግሌ አይቀበልም፣ ቀነ ቀጠሮም አይሰጥም። ጭስ መውጫ የማያጣው ቀላል ስለሆነ ነው፤ ሰው ደግሞ በውኃ ላይ ከባድ ነው። ስለዚህ ተረቱ ውኃ ዳር ሲደርስ እንደገና ሊመረመር ይገባዋል። ለዚህም ምርመራ ኃይለኛ ውኃን ሙያቸው ካደረጉ ሁለት ዓይነት ሰዎች መነሣት ይቻላል፦ በጣውላ ማዕበል ከሚጋልቡት ሰርፈኞችና በጠባብ ጀልባ ባሕር ከሚያቋርጡት ካያከኞች።

ጣውላና ጠባብ ጀልባ

ሰርፊንግ የተወለደው በፖሊኔዥያ ደሴቶች ነው። በሃዋይ መኳንንቱም ተራው ሕዝብም ከዛፍ በተጠረበ ጣውላ ማዕበል ይጋልቡ እንደ ነበር በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከካፒቴን ጀምስ ኩክ መርከቦች ጋር የደረሱ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ካያክ ደግሞ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት የኢኑይትና የአሌውት ሕዝቦች ሥራ ነው። በእንጨት ወይም በአጥንት አጽም ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ተወጥሮ ይሠራል፤ ቀዛፊው እግሩን ዘርግቶ እስከ ወገቡ ይገባበትና በብርዳማው ባሕር ላይ ያድንበታል። ዛሬ ሁለቱም በፕላስቲክና በፋይበር ተሠርተው የመዝናኛና የስፖርት ዕቃ ሆነዋል፤ ያን ያህል ግን ጠባያቸው አልተለወጠም።

የሁለቱ ልዩነት ከመሣሪያው ይልቅ በዓላማው ይታወቃል። ሰርፈኛው የሚፈልገው ማዕበሉን ነው፤ ማዕበል በሌለበት ቀን ሥራ የለውም። ካያከኛው የሚፈልገው ማዶውን ነው፤ ማዕበል ለእርሱ በመንገዱ ላይ የሚያጋጥመው ነገር ነው። ሰርፈኛው ከዳር ብዙ አይርቅም፤ ቢወድቅ አብዛኛውን ጊዜ ማዕበሉ ራሱ ወደ ዳር ይገፋዋል። አደጋው በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ የታመቀ ነው፦ ከሥር ዓለት፣ ከላይ የሚናድ ውኃ፣ በመካከሉ አንድ ትንፋሽ። የካያከኛው አደጋ ግን በሰዓታት ላይ የተዘረጋ ነው። ድካም፣ ብርድ፣ የነፋስ መለወጥ፣ የዳር መራቅ አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ አንዳቸውም ብቻቸውን አያስፈሩም፤ ሲደመሩ ግን ይገድላሉ።

አንድ ነፋስ ሁለቱን እንዴት እንደሚለያያቸው ማየት ነገሩን የበለጠ ግልጽ ያደርገዋል። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ ለሰርፈኛ ስጦታ ነው። ወደ ዳር የሚመጣውን ማዕበል ከፊት ለፊት ተቃውሞ ቀጥ አድርጎ ያቆምለታል፤ ማዕበሉ ቶሎ ሳይፈርስ ለግልቢያ ይመቻል። ያው ነፋስ ለካያከኛ ወጥመድ ነው። በዳሩ ያለው ውኃ በየብሱ ስለሚከለል ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ጀልባዋ ያለ ድካም ወደ ጥልቁ ትንሸራተታለች፤ ቀዛፊውም ፍጥነቱ ከክንዱ የመጣ መስሎት ይደሰታል። ልመለስ ብሎ ፊቱን ሲያዞር ሲያግዘው የቆየው ነፋስ ግንባሩን ይመታዋል፤ ከዳር በራቀ ቁጥር ማዕበሉ እያደገ እንደ መጣም ያን ጊዜ ያስተውላል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው አባባል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

እንግዲህ «አደገኛ ውኃ» የሚባለው ነገር በራሱ ብቻ የቆመ አይደለም። አንዱ ነፋስ ለአንዱ በረከት፣ ለሌላው መርገም የሚሆነው ሁለቱ ሰዎች የሚመለሱበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። የውኃ ኃይል የሚለካው በማዕበሉ ቁመት ብቻ ሳይሆን ሰውየው ከየት ተነሥቶ በየት ሊመለስ ባሰበው ጭምር ነው።

ከካምፓላ በስተ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጂንጃ ለዚህ ንጽጽር ሦስተኛ ገጽ ትጨምርለታለች። ነጭ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ጉዞውን በሚጀምርበት በዚህ አካባቢ ካያክና የማዕበል ግልቢያ አንድ ይሆናሉ። በባሕር ላይ የሚጓዘው ማዕበሉ ነው፤ ውኃው ግን ከፍ ዝቅ እያለ ክብ ሠርቶ እዚያው ገደማ ይቀራል። በወንዝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ውኃው በዓለት ላይ ዘሎ ሲወርድ ማዕበሉ በአንድ ስፍራ ቆሞ ይቀራል፣ ውኃው በውስጡ እያለፈ ይሄዳል። ካያከኛው የጀልባውን አፍንጫ ወደ ላይኛው ወንዝ አዙሮ በቆመው ማዕበል ፊት ላይ ይጋልባል፤ ወንዙ በሙሉ በሥሩ ሲያልፍ እርሱ ከዳር ሆኖ ለሚያየው ካለበት ንቅንቅ አይልም። የጎማ ጀልባና የካያክ ጉዞ በጂንጃ ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተስፋፍቷል፤ ናይል ስፔሻል የተባለው ማዕበል ለዓመታት ካያከኞችን ከዓለም ዙሪያ ይስብ ነበር፤ በዚያ ውኃ ላይ ያደጉ የዩጋንዳ ወጣቶችም ለዓለም አቀፍ ውድድር በቅተዋል።

መፍራትና ማክበር

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ለሚያስብ ሰው ጥሩ መነሻ አለው። «ፈሪ» ስድብ ነው፤ «ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረበት» ግን ምስጋና ነው። አባቱን የሚፈራ ልጅ ሲባል አባቱን ባየ ቁጥር የሚሸሽ ማለት አይደለም፤ በአባቱ ፊት አንደበቱንና እጁን የሚሰበስብ ማለት ነው። አንዱ ቃል ሁለት ነገር ይዟል፦ የሚሸሽ ፍርሃትና የሚቀርብ ፍርሃት። የሚሸሸው ሰው ውኃን አያውቅም፤ ከሩቅ ቆሞ ውኃን ሁሉ አንድ ያደርጋል። የሚቀርበው ግን ይለያል፦ የጠዋቱን ውኃ ከከሰዓቱ፣ የዳሩን ከመሐሉ፣ ዛሬ የሚቻለውን ከማይቻለው።

ማክበርም ቢሆን ከልብ ስሜት ይልቅ በምግባር የሚገለጥ ነገር ነው። ለታላቅ ሰው ያለው ክብር የሚታወቀው ሲገባ ከመቀመጫ በመነሣት፣ ሲናገር አቋርጦ ባለመግባት፣ ሲቆጣም ለጊዜው ዘወር በማለት ነው። «አከብርዎታለሁ» እያለ ከወንበሩ የማይነሣ ሰው አክባሪ አይባልም። በዚህ አካባቢ የኖሩ ሕዝቦችም ይህን ከጥንት ያውቁታል። ባጋንዳዎች ሐይቁን ናሉባሌ ይሉታል፤ በጥንታዊው እምነታቸው ሐይቁ ሙካሳ የሚባል ባለቤት አለው። በጂንጃ አጠገብ ባሶጋዎች በቡጃጋሊ ፏፏቴ ቡድሃጋሊ የተባለ መንፈስ ያድራል ብለው ያምናሉ። እምነቱን የማይጋራ ሰውም ቢሆን አንድ ቁም ነገር ይወስድበታል፦ ባለቤት ያለው ቤት ሳይንኳኳ አይገባም።

ዛሬ ማንኳኳቱ በሌላ መልክ ይፈጸማል። ጂንጃ አካባቢ እንደ ኢታንዳ ያለ ኃይለኛ ፏፏቴ ላይ የደረሰ ልምድ ያለው ካያከኛ በቀጥታ አይገባም። ከጀልባው ይወርድና ዳር ዳሩን በእግሩ ይሄዳል፤ ውኃው የት እንደሚሰበሰብ፣ የት እንደሚገለበጥ፣ የያዘውን ቶሎ የማይለቅ አዙሪት የት እንዳለ፣ ከጀልባው ቢወጣ የት ሊያርፍ እንደሚችል ያጠናል። ከዚያ ወይ ይገባል፣ ወይ ጀልባውን በትከሻው ተሸክሞ በየብስ ያልፋል። በሙያው ተሸክሞ ማለፍ ነውር አይደለም። የባሕር ካያከኛም እንዲሁ ከመነሣቱ በፊት ፊቱን የሚያዞርበትን ሰዓት ይወስናል፤ ልብሱን ለፀሐዩ ሳይሆን ለውኃው ቅዝቃዜ ይመርጣል፤ ተገልብጦ ከጀልባው ሳይወጣ መልሶ መቃናትን ጸጥ ባለ ውኃ ላይ መቶ ጊዜ ይለማመዳል።

የሰርፈኛው ክብር ደግሞ በመጠበቅ ይገለጣል። በሃዋይ ዋይሚያ የባሕር ወሽመጥ በታዋቂው ሰርፈኛ በኤዲ አይካው ስም የሚጠራ ውድድር አለ። የማዕበሉ ፊት 12 ሜትር ያህል ካልደረሰ ውድድሩ አይካሄድም። ተጋባዦቹ በየወቅቱ ይሰባሰባሉ፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ከዚያ ባሕሩን ይጠብቃሉ፤ ባሕሩ ካልመጣ ወቅቱ ያልፋል። እንዲህ ሆኖ ለበርካታ ዓመታት በተከታታይ ሳይካሄድ የቀረበት ጊዜ አለ። ስፖንሰርና ቴሌቪዥን በሚያዙበት ዓለም ቀኑን ለውኃው የተወ ውድድር ማየት የሚያስገርም ነው።

ይህ ዓይነቱ ጥበብ ከኢትዮጵያም የራቀ አይደለም። በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ፣ በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሙያ ሆኖ የኖረው፣ ጌታውን መከበርን የሚያስተምር ዕቃ ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከጉዞ በኋላ ከውኃ ወጥቶ ካልደረቀ ዕድሜ የለውም። ስለዚህ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድና ምን ያህል እንደሚቆይ ለቀዛፊው የሚነግረው ታንኳው ራሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና እንደሚናወጥ የሚያውቅ ሰው ጉዞውን በጠዋት ይፈጽማል። ይህ ሰው ስለ ማክበር ንግግር አድርጎ አያውቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ታንኳውን ፀሐይ ላይ ባቆመ ቁጥር ያከብራል።

እነዚህ ሁሉ ምሳሌዎች ወደ አንድ ሐሳብ ይሰበሰባሉ። ኃይለኛ ውኃን ማክበር ማለት ከመግባት በፊት መመለሻን ማዘጋጀት ማለት ነው። ደፋር መውጫ የማያጣው ደፋር ስለሆነ ሳይሆን መውጫውን ቀድሞ ስላየ ነው። ቀድሞ ያላየው ደፋር ከጭስ ጋር የሚያመሳስለው ነገር ቢኖር ቶሎ መጥፋቱ ብቻ ነው።

የኤዲ አይካው ጥያቄ

ይህ ሐሳብ ግን ያለ ፈተና አያልፍም፤ ፈታኙም ውድድሩ የተሰየመለት ሰው ራሱ ነው። ኤዲ አይካው በኦዋሁ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ የዋይሚያ የመጀመሪያው የሕይወት አድን ጠባቂ ነበር። ሌሎች ሊገቡበት በማይደፍሩት ማዕበል እየገባ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን እንዳወጣ ይነገርለታል። በመጋቢት 1978 (እ.ኤ.አ.) የጥንቶቹን ፖሊኔዥያውያን ጉዞ ለማደስ ወደ ታሂቲ የተነሣችው ሆኩሌአ የተባለችው ባለ ሁለት ቀፎ ታንኳ አባል ሆኖ ተጓዘ። ታንኳዋ ስንቅ በብዛት ተጭኖባት፣ አጃቢ ጀልባ ሳይኖራት፣ ኃይለኛ ነፋስ እየነፈሰ ነበር ጉዞ የጀመረችው፤ በዚያው ሌሊት ተገለበጠች። በማግስቱ አይካው የሰርፍ ጣውላውን ይዞ በአቅራቢያው ወደምትገኘው ላናይ ደሴት እርዳታ ሊጠራ ተነሣ። ለመቅዘፍ እንቅፋት ስለሆነበት የሕይወት አድን ጃኬቱን አወለቀ። ከዚያ በኋላ አልታየም። ቀሪዎቹ በተገለበጠው ቀፎ ላይ ተንጠልጥለው በአውሮፕላን ታዩና በዚያው ዕለት ዳኑ። አይካው ሲሞት 31 ዓመቱ ነበር።

ይህ ሰው ውኃውን አላከበረም ይባላል? ከዳር የማይርቅ የሰርፈኛ ጣውላ ይዞ የካያከኛ መንገድ ሄደ፤ «ከተገለበጠች ጀልባ አትለይ» የሚለውን የባሕር ሕግም ተላለፈ። በዚህ ጽሑፍ መስፈርት ከተለካ መመለሻ ሳያዘጋጅ የገባ ሰው ነው። ግን ልብ ይህን ፍርድ ለመቀበል እምቢ ይላል፤ እምቢታውም ትክክል ነው። አይካው ያን ባሕር ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ያውቀዋል፤ ዋጋውንም ሳያውቅ አልገባም። ማንም ተሳስቶ መመለሻውን ቢያጣ ሞኝነት ወይም ጥፋት ሊባል ይችላል፤ አይካው ግን መመለሻውን ለሌሎች ሰጠ። የሰጠውም የራሱን ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ውኃን ማክበር ትልቅ ግዴታ ቢሆንም ከሁሉ በላይ ያለ ግዴታ አይደለም፤ ሰው ለሰው ያለበት ዕዳ ይበልጠዋል። ሁለተኛ፣ አይካው የከፈለው ዕዳ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዕዳው የተገባው ወደብ ላይ ነበር፤ ጭነቱ ሳይመዘን፣ አጃቢ ሳይዘጋጅ፣ ነፋሱ ሳይበርድ በተነሡበት ሰዓት። ወደብ ላይ የጎደለ ጥንቃቄ ባሕር ላይ በሌላ ሰው ሕይወት ይከፈላል። ሆኩሌአ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ወደ ታሂቲ ስትነሣ አጃቢ ጀልባ ይከተላት ነበር።

እዚህ ላይ ለጨዋታ ወደ ኃይለኛ ውኃ የሚገባ ሰው ሁሉ ሊያስበው የሚገባ ነገር አለ። «ብሞት የራሴ ጉዳይ ነው» የሚል ደፋር ብዙ ጊዜ ይሰማል። በውኃ ላይ ግን የራስ ጉዳይ የሚባል ነገር ጠባብ ነው። ሰው ሲሰምጥ ዳር የቆመ ዝም ብሎ አያይም፤ ወንድሙ ይዘላል፣ ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ያዞራል። ያለ ዝግጅት የገባ ሰው የራሱን ሕይወት ብቻ የጣለ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን የማያውቃቸውን ሰዎች መመለሻ በመያዣነት አስይዟል።

ጀሪካን ያቀፉ ወጣቶች

እስከ አሁን የተባለው ሁሉ ምርጫ ስላለው ሰው ነው። ሰርፈኛው ማዕበሉ ካልተስማማው ቤቱ ይቀመጣል፤ ካያከኛው ጀልባውን ተሸክሞ ያልፋል። ምርጫ የሌለውስ?

የቡጃጋሊ ፏፏቴ በ2011 (እ.ኤ.አ.) በግድቡ ውኃ ከመዋጡ በፊት ለጉብኝት የሄደ ሰው የሚያስታውሰው ትርዒት ነበር። የአካባቢው ወጣቶች ባዶ ጀሪካን አቅፈው ከፏፏቴው አናት ይገቡና በነጩ አረፋ መሐል ብቅ ጥልቅ እያሉ ወርደው በታች ዳር ይወጡ ነበር። ተመልካቹ ያጨበጭባል፣ ጥቂት ሽልንግ ይሰጣል። በዚያው ውኃ ላይ የራስ ቁር የደፋና የሕይወት አድን ጃኬት የታጠቀ ቱሪስት በጎማ ጀልባ ያልፋል፤ ከፊቱና ከኋላው በካያክ የሚከተሉት አዳኞች አሉ። ውኃው አንድ ነው፤ ማዕበሉም አንድ ነው። ማን ነው ይበልጥ ደፋር? መልሱ ለማንም ግልጽ ነው። ማን ነው ውኃውን ይበልጥ ያወቀው? ምናልባት እርሱም ጀሪካን ያቀፈው ልጅ ይሆናል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እያንዳንዱን ዓለት ያውቀዋልና። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ መመለሻውን የሚያዘጋጅበት ገንዘብ ነበር። ቡጃጋሊ ዛሬ 250 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው፤ ትርዒቱም አብሮ ሰጥሟል። ጥያቄው ግን አልሰጠመም።

ጥያቄው በጋባ ዳርቻ በየማታው ይነሣል። ናሉባሌ፣ በሌላ ስሙ ቪክቶሪያ፣ ስፋቱ 68 ሺህ 800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጣናን ሃያ እጥፍ ያህላል። ሌሊት ሲሆን በዙሪያው ያለው የብስ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሐይቁ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ያን ጊዜ ከየዳርቻው ነፋስ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል፤ ከየአቅጣጫው የመጣው አየር መሐል ላይ ተገናኝቶ ወደ ላይ ይወጣና ነጎድጓድና ማዕበል ይወልዳል። ለካያከኛ ወጥመድ የሆነው ከየብስ የሚነሣው ነፋስ እዚህ ሐይቁን በሙሉ ይከብበዋል ማለት ነው። ሙኬኔ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ደግሞ የምትጠመደው ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት በመብራት ነው። ማዕበሉ በሚነሣበት ሰዓት ዓሣ አጥማጁ እዚያ መገኘት አለበት፤ የልጆቹ እራት በዚያ ሰዓት ነውና የሚገኘው። በሐይቁ ላይ በየዓመቱ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሰዎች እንደሚሞቱ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ግምት ያመለክታል።

ለእነዚህ ሰዎች «ውኃውን አክብሩ» ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ ከአዳራሽ ሲሰበክ ደግሞ ያሳፍራል። ዓሣ አጥማጁ ሐይቁን አያከብርም ማለት አይቻልም፤ ሰማዩን ከማንም የተሻለ ያነባል። የሚያስገድደው ባዶ ማሰሮ ነው። ስለዚህ ለእርሱ ያለው ክብር በሌሎች ሰዎች በኩል ሊመጣ ይገባል። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ከምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ጋር ከ2017 እስከ 2021 (እ.ኤ.አ.) ባካሄደው ሥራ ለሐይቁ የሚሆን የአየር ትንበያ በየዕለቱ ለዓሣ አጥማጆች እንዲደርስ ተሞክሯል። ማታ ከመነሣቱ በፊት «ዛሬ ሌሊት ከምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ ይጠበቃል» የሚል ቃል በቋንቋው የሰማ አጥማጅ ቢያንስ የሚመዝነው ነገር አገኘ። ካያከኛው ከጀልባው ወርዶ ዳር ዳሩን እንደሚያጠና ሁሉ፣ ትንበያ ለድሃው የተደረገለት ጥናት ነው።

መመለሻውን የያዘው ማን ነው?

ነገሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው መመለሻው በሌላ ሰው እጅ ሲወድቅ ነው። በኅዳር 2018 (እ.ኤ.አ.) ከካምፓላ ብዙም በማይርቀው የሙኮኖ ዳርቻ አንዲት የመዝናኛ ጀልባ ከአቅሟ በላይ ሰው ጭና ሰጠመች። ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሊረዳ የመጣ የዓሣ አጥማጆች ጀልባም በጭንቀት የተረባረበበትን ሰው መሸከም አቅቶት ተገለበጠ። ተሳፋሪዎቹ በሙዚቃና በጨዋታ መካከል ነበሩ፤ የጀልባዋን ወለል መርምሮ የገባ አልነበረም፣ ሊመረምርም አይጠበቅበትም። ተሳፋሪ ማለት መመለሻውን ለሌላ አደራ የሰጠ ሰው ነው። አደራ ደግሞ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከባድ ቃል ነው፤ «አደራ በላ» የሚለውን ስም ማንም ሊሸከመው አይወድም።

አማርኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ ሐሳቡ ወደ ሌላ ባሕር መሄዱ አይቀርም። በነሐሴ 2017 (እ.ኤ.አ.) በየመን የባሕር ዳርቻ አሻጋሪዎች ከ100 በላይ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን ስደተኞችን ገና የብስ ሳይደርሱ በኃይል ወደ ውኃ አስገቧቸው፤ ባለ ሥልጣን ያዩ መስሏቸው ራሳቸውን ለማዳን ነበር። ብዙዎቹ ሰጠሙ፤ አብዛኞቹ ገና አሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ነበሩ። እነዚያ ልጆች ደፋሮች ነበሩ፤ ድፍረታቸውን የሚጠራጠር የለም። መውጫ ያጡት ግን ድፍረት ስላነሳቸው አይደለም። የእነርሱን መመለሻ በእጁ የያዘ ሰው የራሱን መመለሻ ለማዳን ሲል ስለ ጣለባቸው ነው። ከአይካው ጋር ማነጻጸር ነገሩን ያጠራዋል። አንዱ ሌሎች እንዲመለሱ የራሱን መመለሻ ሰጠ፤ ሌላው ራሱ እንዲመለስ የሌሎችን ወሰደ። በውኃ ላይ የሚፈጸም ደግነትና ክፋት ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ጫፎች መካከል ይገኛል።

በዚህ መስፈርት ሲታይ ስለ ሰርፈኛና ስለ ካያከኛ የተነሣው ጥያቄ የጨዋታ ጥያቄ መሆኑ ይቀራል። ሁለቱም ምርጫ ያላቸው ሰዎች ስለሆኑ ምርጫ ምን ዋጋ እንዳለው ያሳያሉ። ሰርፈኛው መጠበቅን፣ ካያከኛው መመለሻን መቁጠርን ያስተምራል። ለጨዋታ የሚገባ ሰው ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ለእንጀራ የሚገባውን ሰው ያለ ጃኬትና ያለ ትንበያ የሚልክ ኅብረተሰብ ምን ይላል? የጀልባ ባለቤት ከሚችለው በላይ አሥር ሰው ሲጭን የአሥር ሰው ዋጋ ያተርፋል፤ የሚከስረው ግን የሁሉም መመለሻ ነው። ወንድሙን ወይም ልጁን «ይሂድ፣ ደፋር ነው፣ መውጫ አያጣም» ብሎ የሚሸኝ ቤተ ሰብም ከዚህ ጥያቄ ውጭ አይደለም። መውጫውን ማን እንደ ያዘለት ሳይጠይቁ መሸኘት ፍቅር ቢኖረውም ጥንቃቄ የለውም።

የጋባ መንገድ ዛሬም ሐይቁ ዳር ሲደርስ ያበቃል። ጀልባው ሊነሣ ሲል ቀና ብሎ ሰማዩን የሚያየው ተሳፋሪ ብዙ ጊዜ ይሳቅበታል፤ «ምን ያስፈራሃል?» ይባላል። ምናልባት አንድ ቀን ከጥቁር ደመና በታች ወጥቶ «ዛሬ አልሄድም» ይል ይሆናል፤ ደመናውም ዝናብ ሳያወርድ ይበተን ይሆናል። ያን ጊዜ ሳቁ ይበረታል። እርሱ ግን በማግስቱ ጀልባው ዳር እንደገና ይገኛል፣ እንደገናም ቀና ብሎ ያያል። ሰውየው ከውኃው የሸሸ ሰው አይደለም። መውጫውን ለማየት ቀና ብሏል፤ ከጎኑ ለሚቀመጠው ሕፃንም አብሮ አይቶለታል።